የሚያነድደን አየሩ አይደለም፣ ጣሪያው ነው

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት አዳማ ውስጥ በአንድ የወጣቶች አዳራሽ ስለ ሙቀት አውርቼ ነበር። መምጣት ያልቻሉ ሰዎች "እባክህ ጻፈው" ስላሉኝ ይኸው ጻፍኩት። ያወራሁትን እንዳወራሁት ለማስቀመጥ ሞክሬያለሁ። መጨረሻ ላይ የተነሡትን ጥያቄዎችም አስገብቻለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ፀሐይ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ሰዓቱ 8 ሰዓት ተኩል ነው። ወሩ መጋቢት ነው። ያለነው አዳማ ነው። ስለ ሙቀት ለማውራት ከዚህ የተሻለ ጊዜና ቦታ አላገኝም።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር አብረን እንሥራ። ሁላችሁም አንድ እጃችሁን አንሡ። መዳፋችሁ ወደ ጣሪያው ይዙር። እንደምታዩት ይህ አዳራሽ ኮርኒስ የለውም፤ ቆርቆሮው ፊት ለፊት ይታያል። ትንሽ ቆዩ። አሁን መዳፋችሁን ወደ መሬት ገልብጡት። እንደገና ወደ ጣሪያው። ልዩነቱ ተሰማችሁ? አዎ፣ እማማ ከኋላ እንዳሉት፣ "ወደ ላይ ሲሆን ያቃጥላል።" ግን እጃችሁ ያለበት አየር ያው አየር ነው። መዳፋችሁን ስትገለብጡ አየሩ አልተቀየረም። ታዲያ ያ ሙቀት ከየት መጣ? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ፤ ዛሬ የመጣሁት ለእሱ ነው።

ሁለተኛ ነገር። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት በረዶዎች አሉ። ትናንት ማታ በሁለት እኩል የፕላስቲክ ኩባያዎች ያቀዘቀዝኳቸው ናቸው። ሁለቱንም በፌስታል ቋጥሬያቸዋለሁ። አንዱን እንዲሁ ሳህን ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሌላውን በዚህ ጋቢ ደጋግሜ እጠቀልለዋለሁ። የትኛው ቀድሞ የሚቀልጥ ይመስላችኋል? እጅ አንሡ። ጋቢ የለበሰው የምትሉ? ብዙ ናችሁ። ያልለበሰው? ሦስት ሰው። ጥሩ። እናየዋለን። ጋቢው እንዳለ ይቆይ፤ ማንም እንዳይነካው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በአማርኛ "ብርድ መታኝ" እንላለን። "በር ዝጋ፣ ብርድ እንዳይገባ" እንላለን። ብርድ ከውጭ መጥቶ ሰው የሚመታ፣ ቤት የሚገባ ነገር አድርገን ነው የምናወራው። ለኑሮ ይበቃል፤ ማንም ሰው እንዲህ ስላለ አልቆጣም። ግን በተፈጥሮ ውስጥ የሚጓዘው ሙቀት ብቻ ነው። ብርድ አይጓዝም። ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል፣ ሁለቱ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ይሄዳል፣ ዝም ብለን ብንተወው ወደ ኋላ አይመለስም። ሲበርዳችሁ ከእናንተ ሙቀት እየወጣ ነው። ሲሞቃችሁ ደግሞ ወይ ሙቀት እየገባባችሁ ነው፣ ወይ ሰውነታችሁ ራሱ የሚሠራው ሙቀት መውጫ አጥቶ ነው። ይህን አንድ ነገር ከያዛችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ ብዙ ነገር በአዲስ ዓይን ታዩታላችሁ።

አንድ ነገር ላጥራ። ሙቀትና የሙቀት መጠን አንድ አይደሉም። ከከሰል ምድጃ የተፈናጠረች ትንሽ ፍንጣሪ ክንዳችሁ ላይ ብታርፍ ትለበልባለች፣ ትጠፋለች፣ አለቀ። ፍንጣሪዋ ግን ብዙ መቶ ዲግሪ ናት። አንድ ጆግ የፈላ ውሃ ደግሞ እዚህ አዳማ 94 ዲግሪ ገደማ ነው። ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆንን ውሃችን 100 ሳይደርስ ይፈላል። እና የትኛው ያስፈራችኋል? ጆጉ ነው የሚያስፈራው። ዲግሪው ከፍንጣሪዋ በብዙ ያነሰ ነው፣ በውስጡ የተሸከመው ሙቀት ግን ብዙ እጥፍ ነው። ዲግሪ የሚነግረን ሙቀቱ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ስንት እንዳለ አይነግረንም።

እስቲ ደግሞ ወንበሮቹን ንኩ። ግራ በኩል የተቀመጣችሁ የብረት ወንበር ላይ ናችሁ፣ ቀኝ በኩል ያላችሁ የእንጨት አግዳሚ ላይ። ጠዋት አዳራሹን ስንከፍት ሁለቱንም ነክቼ ነበር። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፣ እንጨቱ ለብ ያለ። ግን ሁለቱም ሌሊቱን ሙሉ እዚሁ ክፍል ነው ያደሩት። ቴርሞሜትር ብታስጠጉባቸው እኩል ዲግሪ ነው የሚያሳየው። ልዩነቱ ብረት ሙቀትን ከእጃችሁ ቶሎ ይወስዳል፣ እንጨት ቀስ ብሎ ነው። እጃችን ቴርሞሜትር አይደለም ማለት ነው። እጃችን የሚለካው ሙቀት በምን ፍጥነት እየወጣ ወይም እየገባ እንደሆነ ነው። እኔ 19 ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር ለተማሪ ለማስረዳት በጣም የለፋሁበት ነገር ይህ ነው፣ አንዴ ከገባቸው በኋላ ደግሞ የማይረሱት ይህንኑ ነው።

ሙቀት ሦስት መንገድ አለው። ትምህርት ቤት ኮንዳክሽን፣ ኮንቬክሽን፣ ራዲየሽን ብላችሁ ሸምድዳችኋል። እኔ በመነካካት፣ በፍሰት፣ በጨረር እላቸዋለሁ።

በመነካካት የሚሄደውን አሁን በወንበሩ አያችሁት። ድስት ውስጥ የረሳችሁት የብረት ማንኪያ እጀታው ድረስ ይግላል፤ የእንጨት ማማሰያ አይግልም። አሉሚኒየም ከእንጨት ጋር ሲነጻጸር ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ የተሻለ ሙቀት አስተላላፊ ነው። የቆመ አየር ደግሞ ከእንጨትም ያነሰ ነው። "የቆመ" የሚለውን ቃል አስምሩበት። አየር ጥጥ ውስጥ፣ ሱፍ ውስጥ፣ ሳር ውስጥ ተይዞ መንቀሳቀስ ሲያቅተው ከሁሉም የተሻለ አጥር ይሆናል። ጋቢ የሚያሞቀን በውስጡ እሳት ስላለው አይደለም። ጥጡ አየር ስለያዘ ነው።

በፍሰት የሚሄደው ደግሞ ሙቀቱን ተሸክሞ ራሱ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲኖር ነው። ውሃ ጥዳችሁ አይታችኋል፤ ከታች የሞቀው ይነሣል፣ ከላይ ያለው ቀዝቃዛ ይወርዳል፣ ይዞራል። አየርም እንዲሁ ነው። እነዚያ ከከተማችን ዳር ኮረብታው ላይ የቆሙት የነፋስ ማመንጫዎች የሚዞሩት ፀሐይ ምድርን እኩል ስለማታሞቃት ነው። አንዱ ቦታ የሞቀው አየር ይነሣል፣ ሌላው ሊተካው ይመጣል። ሶደሬ ስትዋኙም ያው ነው። ከምድር ውስጥ ያለውን ሙቀት ውሃው ተሸክሞ ወደ ላይ ያመጣላችኋል። በድንጋዩ ብቻ ቢመጣ ኖሮ እስከዛሬ ብንጠብቅም ገንዳ የሚሞላ ሙቀት አይደርሰንም ነበር።

ሦስተኛው መንገድ ጨረር ነው። በጣም የምንዘነጋው እሱን ነው።

የክረምት ማታ እሳት ዳር ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ። ፊታችሁ ይለበለባል፣ ጀርባችሁ ይቀዘቅዛል። በመሃል ያለው አየር አይደለም ፊታችሁን የሚያሞቀው፤ እንዲያውም የሞቀው አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ከእሳቱ ቀጥታ የሚመጣ፣ ዓይን የማያየው ጨረር አለ። እ.ኤ.አ. በ1800 ዊልያም ኸርሸል የሚባል የሰማይ ተመራማሪ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፍሎ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አስቀመጠ። ከቀዩ ቀለም አልፎ፣ ምንም ብርሃን በማይታይበት ቦታ ያስቀመጠው ቴርሞሜትር ከሁሉም በላይ ወጣ። የማይታየው ጨረር በዚያ ተገኘ፤ ዛሬ ኢንፍራሬድ እንለዋለን። ይህን ጨረር የማይለቅ ነገር የለም። እናንተም እየለቀቃችሁ ነው። ግድግዳውም። ነገሩ በሞቀ ቁጥር ጨረሩ በጣም ይጨምራል። ለመጓዝ ደግሞ አየር አያስፈልገውም፣ ንፋስም አያስቆመውም።

አሁን መዳፋችሁን ያሞቀው ምን እንደሆነ ገባችሁ። ጣሪያው ነው።

እስቲ እናስላው። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ አንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ጉልበት 1,000 ዋት ገደማ ነው። ክፍላችሁ 4 በ4 ከሆነ ጣሪያው ላይ 16,000 ዋት ያርፋል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይበላል። ስለዚህ ከአራት በላይ ምጣድ ጣሪያችሁ ላይ ተደርድሮ እየነደደ ነው። ከዚያ ውስጥ የተወሰነው ይንጸባረቃል፣ የተወሰነውን ነፋስ ይወስደዋል። ቆርቆሮው ግን ይግላል። ዝገት የበላው ወይም በጭስ የጠቆረ ቆርቆሮ 60 ዲግሪ ቢደርስና ከሥሩ ያለው ዕቃና ግድግዳ 30 ዲግሪ ቢሆን፣ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣሪያ ወደ ታች የሚለቀው ትርፍ ጨረር 200 ዋት ገደማ ይሆናል። በ16 ካሬ ሜትር 3,200 ዋት። አንድ ምጣድ ማለት ነው። ከአልጋችሁ በላይ አንድ ምጣድ ወደ ታች ተዘቅዝቆ ተሰቅሎ ቀኑን ሙሉ በርቶ ይውላል።

ይህን ያወቅኩት ከመጽሐፍ ነው፣ የገባኝ ግን ቤት ውስጥ ነው። ልጃችን ገና ስምንት ወሯ ሳለ ፍራንኮ አካባቢ አንድ ኮርኒስ የሌለው ቤት ተከራይተን ነበር። ሚያዝያ ላይ ሰውነቷን ሽፍታ ወረሳት። ቀን ቀን አትተኛም፣ ታለቅሳለች። እቁብ ሲወጣልኝ ትልቁን ቬንትሌተር ገዛሁ። አልረዳም። ነፋሱ እየነፈሰባት ታለቅሳለች። አንድ ቀን ባለቤቴ ልጅቷን ይዛ ጠረጴዛ ሥር ገባች፤ ልጅቷ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት። ያው ክፍል ነው፣ ያው አየር ነው፣ ከጣሪያው የሚከልላት አንድ ጣውላ ብቻ ነው የተጨመረው። ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርኩት ነገር የዚያን ቀን ፊቴ ላይ መጣ። በማግስቱ ነጠላ ከግድግዳ ግድግዳ ወጥረን ከአልጋዋ በላይ ሰቀልን። ሽፍታው በሳምንት ውስጥ ጠፋ።

ቬንትሌተር አይረባም እያልኩ አይደለም። ቬንትሌተር አየሩን አያቀዘቅዝም፤ ላባችንን ያደርቃል፣ ላብ ሲደርቅ ደግሞ ከቆዳችን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አንድ ሊትር ውሃ ለመትነን የሚወስደው ሙቀት ያንኑ ውሃ ከ0 እስከ 100 ዲግሪ ለማድረስ ከሚያስፈልገው 5 እጥፍ ይበልጣል። ትልቅ ነገር ነው። አዳማ በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ደግሞ ላብ ቶሎ ይደርቃል። ጥላ ውስጥ ያለው አየራችን በጣም ሞቀ በምንልበት ቀን እንኳ ብዙ ጊዜ 30 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ቆዳችን 34 ገደማ። ይህ ማለት አየሩ ራሱ ከእኛ ይቀዘቅዛል! ዛፍ ሥር ስንቀመጥ ደህና የምንሆነው ለዚህ ነው። ከቤት ወጥተን ዋርካ ሥር ስንሄድ የምንሸሸው አየሩን አይደለም፤ ጣሪያውን ነው።

አያቶቻችን ሳር ቤት ውስጥ ነበሩ። ሳሩ ወፍራም ነው፣ በውስጡ የተያዘ አየር ሞልቶታል፣ ፀሐይ ከላይ ብታቃጥለው ሙቀቱ ወደ ታች ለመድረስ ይቸገራል። ቆርቆሮ ሲመጣ ዝናብ አያስገባም፣ እሳት አይበላውም፣ በየጊዜው ክደኑኝ አይልም። ትልቅ ጥቅም ነው፤ ማንም ወደ ሳር ይመለስ አልልም። ግን ሳሩ ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር፤ ዝናብም ሙቀትም ይከለክላል። ቆርቆሮው አንዱን ብቻ ነው የሚሠራው። ሁለተኛውን ሥራ የሚሠራ ነገር ሳንተካ ነው ሳሩን ያነሣነው።

ቆርቆሮ ሙቀት የማከማቸት አቅምም የለውም። ቀጭን ነው። ደመና ሲያልፍበት ጣሪያው ቋ፣ ቋ ሲል ትሰማላችሁ፤ በደቂቃ ውስጥ ቀዝቅዞ እየተኮማተረ ነው። ፀሐይዋ ስትመለስ እንደገና ቋ፣ ቋ፤ እየተለጠጠ ነው። ሌሊት ደግሞ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር ጨረሩን ወደ ሰማይ ይለቃል፣ ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል፤ ንጋት ላይ ከሥሩ ጤዛ የሚያንጠባጥብባችሁ ለዚህ ነው። ብሎኬትና ኮንክሪት ግን ተቃራኒ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሙቀት ይጠጣሉ፣ ማታ ይተፉታል። ኮንዶሚኒየም የመጨረሻው ወለል ላይ የምትኖሩ ማታ 3 ሰዓት ላይ ግድግዳችሁን ንኩትማ። ለብ ብሎ ታገኙታላችሁ። የጭቃ ግድግዳም ያከማቻል፤ ወፍራም ከሆነ የቀኑ ሙቀት ወደ ውስጥ የሚደርሰው ብዙ ሰዓት ቆይቶ፣ ውጭው ሲቀዘቅዝ ነው። ያኔ መስኮት ከፍቶ ማውጣት ይቻላል።

ምን እናድርግ? መጀመሪያ፣ ጣሪያውን ነጭ ማድረግ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል፣ ትንሽ ልቆይበት። አዲስ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ፀሐይን ስለሚያንጸባርቅ ቀዝቃዛ ይመስላችኋል። በከፊል እውነት ነው። ግን የሚያብረቀርቅ ብረት ጨረር መልቀቅ አይችልበትም። የዋጠውን ትንሽ ሙቀት ወደ ሰማይ መልሶ መልቀቅ ስለሚያቅተው ሙቀቱ በላዩ ይከማችበታል፣ ይግላል። ነጭ ቀለም ሁለቱንም ይችላል። ንጹሕ ከሆነ ከመቶ 80 ያህሉን የፀሐይ ብርሃን ይመልሳል፣ የዋጠውንም በደንብ ይለቃል። ለዓይን ከሚያብረቀርቀው ያነሰ "የሚያንጸባርቅ" ይመስላል፣ ለቤታችሁ ግን ይሻላል። የጣሪያ ቀለም ተጠቀሙ። ኖራ ርካሽ ነው፣ ግን ክረምቱ ያጥበዋል፤ እርጥብ ኖራ የቆርቆሮውን የዚንክ ልባስም ሊጎዳ ይችላል። የአዳማን አቧራ ታውቁታላችሁ፤ ነጩ ቡናማ ሲሆን ጥቅሙ ይቀንሳል፣ ስለዚህ በበጋ መሃል አንዴ ማጠብ ነው።

ሁለተኛ፣ ኮርኒስ። የማዳበሪያ ይሁን፣ የአቡጀዴ ይሁን፣ የቺፕውድ ይሁን፣ በጣሪያውና በእናንተ መካከል የሚቆም ነገር ይኑር። ጨረሩ ኮርኒሱ ላይ ያርፋል እንጂ እናንተ ላይ አያርፍም። ከኮርኒሱ በላይ ያለው አየር መውጫ ያስፈልገዋል፤ በሁለቱ የጣሪያ ጫፎች ቀዳዳ ተዉለት፣ ወንፊት ሽቦ አድርጉበት፣ የሞቀው አየር በራሱ ይወጣል። ኮርኒሱ ላይ የአሉሚኒየም ፎይል ከተለጠፈ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ፎይል ከሚደርስበት የሙቀት ጨረር ከመቶ 95 ገደማውን ይመልሳል። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ፎይሉ ቆርቆሮውን እንዳይነካ፤ ከነካ ሙቀቱ በመነካካት ያልፋል፣ ድካሙ ከንቱ ነው። የሚያብረቀርቀው ፊቱ ደግሞ አየር ወዳለበት ይዙር፤ ወደ ታች ቢዞር ይመረጣል፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ጨረር መልቀቅ ስለማይችልበት ወደ እናንተ አይለቅም፣ አቧራም አይጠራቀምበትም።

ፔርሙዝን አስቡት። ጄምስ ዴዋር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1892 የሠራው ጠርሙስ ነው። ድርብ ግድግዳ አለው፣ በመሃሉ አየር እንኳ የለም፤ ስለዚህ በመነካካትም በፍሰትም ሙቀት አያልፍም። ብርጭቆው በብር ቀለም ተለብጧል፤ ጨረሩን ይመልሳል። ሦስቱም መንገድ ተዘጋ። ሻያችንን ጠዋት ሞልተን ከሰዓት ትኩስ የምንጠጣው ለዚህ ነው። ለሻያችን ያደረግነውን ለልጆቻችን መኝታ ማድረግ አያቅተንም።

አሁን በረዶውን እንየው። አንድ ሰዓት ሊሞላው ነው። አንተ ልጅ፣ ና እስቲ ፍታው። ሳህን ላይ ያለውን አሳያቸው፤ አብዛኛው ውሃ ሆኗል፣ የቀረችው የአውራ ጣት ያህል ናት። ጋቢውን ፍታ። ቀስ። ይኸው! ኩባያውን ይመስላል፣ ዳርዳሩ ብቻ ነው የቀለጠው። ጋቢ አያሞቅም። ጋቢ ሙቀት እንዳይሄድ ይከለክላል፤ እኛን ሲያለብሱን እንዳይወጣ፣ በረዶን ሲያለብሱት እንዳይገባ። በነገራችን ላይ አንድ ኪሎ በረዶ ለመቅለጥ ብቻ የሚወስደው ሙቀት፣ ያንን ውሃ ከ0 ወደ 80 ዲግሪ የሚያደርስ ነው። ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ ነው እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ይህን ለክቶ ያሳየው፤ በረዶ እየቀለጠ ሳለ ሙቀት እየጠጣም ዲግሪው ፈቀቅ አይልም።

ወደ ጥያቄ እንለፍ።

እንጀራ የሚሸጡ አንዲት እናት "የመብራት ሒሳብ ገደለኝ፣ ምን ላድርግ?" አሉ። እማማ፣ ምጣድዎ ሸክላ ነው አይደል? ሸክላ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ለዚህ ነው ለእንጀራ የተመረጠው፤ ሊጡ ሲፈስበት ዲግሪው ቶሎ አይወርድም። ስለዚህ ከመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች በፊት ይንቀሉት፤ የያዘው ሙቀት ያወጣቸዋል። ደግሞ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከመጋገር አንዴ ብዙ መጋገር ይሻላል፣ ምጣዱን ከቀዝቃዛ ማንሣት ብዙ መብራት ይበላል። ከምጣዱ ሥር ደግሞ እጅዎን ያስጠጉ፤ የሚጋረፍ ከሆነ ሽቦው ከታች በኩል መከላከያ የለውም፣ ገንዘብዎ ወደ ወለሉ እየሄደ ነው። የሠራው ሰው ከሥሩ ሙቀት የሚከለክል ነገር እንዲያደርግበት ይንገሩት። ወጥ ሲሠሩም ያው ነው፤ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨምሩ ድስቱ ከ94 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፣ እንፋሎት ብቻ ነው የሚበዛው። ክዳን ያድርጉ፣ እሳቱን ይቀንሱ።

አንድ ተማሪ "ፍሪጅ ከፍተን ብንተወው ክፍሉ አይቀዘቅዝም?" አለ። አይቀዘቅዝም፣ ይሞቃል። ፍሪጅ ከውስጡ ሙቀት ወስዶ ከኋላው ይለቃል፣ ሞተሩ የበላው መብራትም ሙቀት ሆኖ ይጨመራል። ስለዚህ ፍሪጁን ከግድግዳ ትንሽ አርቁት፣ ኋላው መተንፈሻ ያግኝ።

መቂ አካባቢ ቲማቲም የሚያመርት አንድ ወንድም ፍሪጅ በሌለበት እንዴት እናቆይ አለ። እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ላብ ስላለው ነው። ሸክላው ያልባል፣ ላቡ ሲደርቅ ሙቀት ይወስዳል። መሐመድ ባህ አባ የሚባል ናይጄሪያዊ መምህር ይህንኑ ዘዴ ለአትክልት አዋለው። ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ፣ በመሃላቸው እርጥብ አሸዋ፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ። እ.ኤ.አ. በ2000 የሮሌክስ ሽልማት አግኝቶበታል። ደረቅ አየር ይፈልጋል፣ ጥላና ነፋስ ይፈልጋል፤ በበጋ ሁሉም አለን። የሚያስፈልገው ሸክላ፣ አሸዋና በቀን ሁለቴ ውሃ ማጠጣት ነው። ለኩንታል ሙሉ አይሆንም፣ ለቤትና ለጉልት ሻጭ ግን ይሆናል።

መጨረሻ ላይ አንዲት ወጣት እናት ልጇን አዝላ ተነሣች። "እኔ ተከራይ ነኝ፣ አከራዬ ጣሪያ አይቀቡልኝም፣ ኮርኒስም አይሠሩልኝም። እኔ ምን ላድርግ?" አለች። ለዚህ ጥያቄ ነው ይህን ሁሉ ያወራሁት። እህቴ፣ ጣሪያውን መንካት አያስፈልግሽም። አራት ምስማር፣ ሲባጎና ጨርቅ ይበቃሻል። ነጭ ማዳበሪያ ከመጋዘን ሰዎች ታገኛለሽ፤ ፍቺው፣ እጠቢው፣ ስፊው። ከቻልሽ ፎይል ለጥፊበት። ከቆርቆሮው ቢያንስ አንድ ክንድ ዝቅ አድርገሽ ወጥሪው፤ ከምድጃና ከአምፖል ደግሞ አርቂው፣ እሳት ይይዛል። ክፍሉን ሁሉ መሸፈን ካልቻልሽ ከአልጋው በላይ ይሁን፣ ከአልጋው ግን በየአቅጣጫው ግማሽ ሜትር ይለፍ፤ ጨረር በሰያፍም ይመጣል። ስትወጪ ፈትተሽ ይዘሽው ትሄጃለሽ።

ክፍልሽ ስንት በስንት ነው አልኳት። 3 በ4። አልጋው? ሜትር ከሃያ በ1 ሜትር ከ90። በየጎኑ ግማሽ ሜትር ስንጨምርበት 2 ሜትር ከ20 በ2 ሜትር ከ90 ሆነ፤ ስድስት ካሬ ሜትር ተኩል አይሞላም። ተዘርግቶ ከካሬ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ማዳበሪያ ከሆነ ስድስት ይበቃታል፤ ለስፌቱ ሰባት አድርጊው አልኳት። ከአጠገቧ የተቀመጡት እንጀራ ሻጯ እናት "ማዳበሪያው እኔ ጋ አለ፣ የጤፍ ነው፣ ነገ ጠዋት ነይና ውሰጂ" አሏት።